ልጅቷ ማን ትባላለች?

«የተከበሩ አማካሪ፣ እኔ የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ አራት ኪሎ ከታላቅ እኅቴ ጋር እኖራለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአማርኛ አንድ የፋንታሲ ልቦለድ ስጽፍ ቆይቻለሁ። ባለታሪኬ ደመላሽ ዝናብን የማዘዝ ኃይል የተሰጠው የድኻ ልጅ ነው። በምዕራፍ 5 ላይ ደመላሽ ከሞት አትርፋ ያስጠጋችውን አንዲት የገጠር ልጅ አስገድዶ ይደፍራል። ይህን የጻፍሁት አንባቢን ለማስደንገጥ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመውን የአሜሪካዊውን ደራሲ የስቲቨን ዶናልድሰንን የመጀመሪያ የፋንታሲ መጽሐፍ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ገዝቼ ካነበብሁ በኋላ ፍጹም ንጹሕ ጀግና ውሸት መስሎ ስለታየኝ ነው። ደመላሽ በጸጸት ሲሠቃይ ቆይቶ በምዕራፍ 20 አንድ ባሕታዊ ‹ይቅር ተብለሃል› ይለዋል፤ ከዚያ በኋላ የደመላሽ ኃይል ተመልሶ አገሩን ከድርቅ ያድናል። ማንበብ ያስተማረችኝም፣ ረቂቆቼን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ የምታርምልኝም እኅቴ ናት። ይህን ረቂቅ ግን ከምዕራፍ 5 በኋላ አንድም ምልክት ሳታደርግበት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ስለ መጽሐፉ ተነጋግረን አናውቅም። ክፍሉ ለታሪኩ አስፈላጊ መሆኑን እንዴት ላስረዳት? ‹አውጣው› የሚሉኝ ጓደኞቼስ እውነት አላቸውን?»

ወንድሜ፣ በዕድሜ ታናሼ ስለሆንህ «አንተ» ብዬ ልጻፍልህ። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ባለታሪክህን በስሙ ደጋግመህ ጠርተኸዋል፤ ኃይሉን፣ ጸጸቱንና የሚያድናትን አገር ሳይቀር ነግረኸኛል። ልጅቷ ግን «አንዲት የገጠር ልጅ» ከመባል አላለፈችም፤ ከምዕራፍ 5 በኋላ ምን እንደሆነችም አልነገርኸኝም። ወደዚህ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ዶናልድሰን ለምን እንዲህ ያለ ነገር ጻፈ የሚለውን በቅንነት መመርመር ይገባናል፤ ያለዚያ አንተም እኔም ስለ አንድ ምዕራፍ መውጣትና መቅረት ብቻ እየተከራከርን እንቀራለን።

እኔ ያንን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብሁት። በመጀመሪያው ጊዜ እኅትህ ያንተን ረቂቅ ባቆመችበት ዓይነት ቦታ ላይ ዘግቼው ለብዙ ዓመታት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የእርሱ ባለታሪክ ቶማስ ኮቨናንት በዘመናችን አሜሪካ የሚኖር ደራሲ ነው። በሥጋ ደዌ ምክንያት የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች አጥቷል፤ ሚስቱ ሕፃን ልጃቸውን ይዛ ፈትታዋለች፤ የከተማው ሰዎች ወደ መካከላቸው እንዳይመጣባቸው ሲሉ ሒሳቡን ሳይቀር ይከፍሉለታል። ዘነበወርቅ ስላለው የአለርት ሆስፒታልና በአካባቢው ስለኖሩ ሕሙማን መገለል ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም። የደራሲውም አባት በሕንድ አገር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያከሙ ሐኪም ስለነበሩ ዶናልድሰን የጻፈው ከቅርብ የሚያውቀውን ነው። ይህ ሰው ራሱን ስቶ ሲነቃ በሌላ ዓለም፣ «ምድሪቱ» በምትባል አገር ራሱን ያገኛል። ሌና የምትባል ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች ልጃገረድ ታገኘዋለች፤ በፈዋሽ ጭቃ ቁስሉን ታክምለታለች፤ ሞቶ የነበረው የሰውነቱ ስሜት በድንገት ይመለሳል። እርሱ ግን የሚያየው ሁሉ ሕልም እንደሆነ ራሱን አሳምኗል፤ ብዙም ሳይቆይ ያከመችውን ልጅ ይደፍራታል።

ደራሲው ጀግናውን ማጉደፍ ከፈለገ ለምን ነፍስ አላስገደለውም? እኔ የደረስሁበት መልስ ይህ ነው። በፋንታሲ ልቦለድ ውስጥ መግደል ረክሷል፤ ሰይፍ የያዘ ሰው መቶ ሰው ጥሎ ሲያልፍ አንባቢ ገጽ ይገልጣል እንጂ አያዝንም። እኛ ዘንድማ በፉከራውና በሽለላው «ገዳይ» የሚለው ቃል ራሱ ሙገሳ ነው። ለመግደል ሁልጊዜ ምክንያት ይገኝለታል፤ አገር ተወርሮ ነው፣ ወንድሙ ተገድሎበት ነው፣ ቀድሞ ባይመታ ይመታ ነበር ይባላል። አስገድዶ ለመድፈር ግን እንዲህ ያለ ምክንያት አይገኝለትም፤ ራሱን ሲከላከል የደፈረ ሰው፣ አገሩን ሊያድን የደፈረ ሰው የለም። ስለዚህ አንባቢው ለባለታሪኩ ሰበብ የሚፈልግባቸውን በሮች ሁሉ ሊዘጋ የፈለገ ደራሲ ወደዚህ ወንጀል ይሄዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይጠልቃል፤ ከፋንታሲ ከራሱ ጋር የተያያዘ ነውና። ኮቨናንት ራሱን የሚከላከልበት አንድ ክርክር ብቻ አለው፤ ይህች አገር የለችም፣ ልጅቷም የለችም፣ በሕልም ለተሠራ ሥራ ደግሞ ማንም አይጠየቅም። ይህ ክርክር አንባቢው ራሱ በልቡ ይዞት የመጣው ነው፤ «ልቦለድ ነው እኮ» ሲል የሚናገረው ቃል ነው። ደራሲው ክርክሩን በደፋሪ አፍ ሲያስገባው አንባቢውን የሚጠይቀው ይህን ነው፦ በሌለ ዓለም ውስጥ ላለች፣ በሌለች ልጅ ላይ የተፈጸመ ግፍ ለምን አመመህ? ካመመህስ «ምንም የለም» የሚለው ክርክር ውሸት መሆኑን አንተው መስክረሃል። የእኅትህ እስክሪብቶ ከምዕራፍ 5 በኋላ መቆሙ እንዲህ ያለ ምስክርነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንተ የፈጠርሃት ልጅ ለእርሷ እውነተኛ ሆናለች።

አሁን ደግሞ ዶናልድሰን ከዚያ በኋላ ያደረገውን ተመልከት፤ አንተ ከመጽሐፉ የወሰድኸው ግፉን ነው፤ የተውኸው ደግሞ ይህንን ነው። የሌና እናት አቲያራን ሰውየውን ወደ አገሪቱ ጌቶች እየመራችው ሳለ በልጇ ላይ ያደረገውን ትሰማለች። ሕዝቧ ቂም በቀልን የሚከለክል መሐላ አለው፤ ሰውየው የያዘው መልእክትም የአገሪቱን ህልውና የሚመለከት ነው፤ ስለዚህ የልጇን ደፋሪ በራሷ እግር እየመራች መንገዷን ትቀጥላለች። እኔ በሁለተኛው ንባቤ ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ያ ጉዞ ነው። ሌናን ይወድ የነበረው ትሪዮክ እርሷ ከኮቨናንት በደል የወለደቻትን ሕፃን አሳድጎ ይኖራል። በሁለተኛው መጽሐፍ፣ በኮቨናንት ዓለም ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲያልፉ በምድሪቱ 40 ዓመት አልፏል፤ ያቺ ሕፃን፣ ኤሌና፣ የአገሪቱ የበላይ ጌታ ሆና ትጠብቀዋለች። አቲያራን እርሱን መልሳ ለመጥራት ስትሞክር እንደሞተች እንሰማለን። በሦስተኛው መጽሐፍ ሌናን ራሷን፣ አርጅታና አእምሮዋ ተናግቶ፣ እናገኛታለን። አንድ ክፉ ሌሊት ሦስት መጻሕፍትን ሙሉ ሰዎችን ሲሰባብር ይኖራል፤ አገሪቱን አዳነ ተብሎም አይሰረዝም።

ከዚህ ደራሲ ጋር ሙግት የለኝም ማለቴ ግን አይደለም። ሌና ከደረሰባት በኋላ ያለፈችበትን ረጅም ዘመን እርሷ አትነግረንም፤ ሌሎች ይነግሩናል። ስትመለስም የበደላትን ሰው ስትናፍቅ የኖረች ሴት ሆና ነው የምትመለሰው፤ በመጨረሻም ስለ እርሱ ትሞታለች። የእርሷ መከራ ለእርሱ ኅሊና ማገዶ ሆኗል ብዬ እከሳለሁ፤ መጽሐፉ ከታተመ ብዙ ዘመን አልፏልና ዛሬ የሚጽፍ ሰው ይህን ጉድለቱን አብሮ መውረስ የለበትም። ቢሆንም ደራሲው አንድ ነገር አላደረገም፤ በሌና ስም ይቅር የሚል ሰው አላስቀመጠም።

አንተ አስቀምጠሃል። ይህን ስጽፍልህ ልጅ ሳለሁ ያየሁት ነገር እየመጣብኝ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ተደፍራ ነበር፤ ሽማግሌዎች ተልከው ሳሎን ተቀመጡ። እኔ ከእናቴ ጋር ቡና ለማቅረብ ገብቼ ነበር። ስለ ካሣ ተነጋገሩ፣ ስለ ቤተሰቡ ስም ተነጋገሩ፣ ልጁ ቢያገባት ነገሩ እንደሚከደን ተነጋገሩ፤ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ይቅርታ ተባብለው ተመራረቁ። ልጅቷ ጓዳ ነበረች። በመካከላችን የነበረው መጋረጃ ብቻ ነው፤ ሁሉንም ትሰማለች፤ የጠራት ግን አልነበረም። ምርቃቱ ሲያልቅ ከጓዳ ይሰማ የነበረው የሲኒ ድምፅ ቀጥ ብሎ መቆሙን ዛሬም አልረሳሁትም።

ይህ የአንድ ሰፈር ነውር ብቻ አልነበረም፤ ሕጉም ይደግፈው ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ወይም ደፋሪው ተበዳይዋን ካገባ ክሱ እንዲቀር በር ከፍቶ ነበር። ይህ በር የተዘጋው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ነው፤ አዲሱ ሕግ ከጠለፋ በኋላ የሚደረግ ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው በግልጽ ደንግጓል፤ አስገድዶ መድፈርንም ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ፣ ነገሩ ሲከብድም ከዚያ የሚበልጥ ቅጣት የሚያስከትል ወንጀል አድርጎታል። አንተ የተወለድኸው ይህ በር ሊዘጋ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት መሆኑን ልብ በል። አሜሪካዊው ደራሲ ሲጽፍ አንባቢው «ይህስ ይቅር አይባልም» ብሎ እንደሚነሣ ተማምኖ ነበር። እኛ ግን ብዙ ሴቶች «ይቅር በይውና ነገሩ ይለቅ» በተባሉበት አገር ነው የምንጽፈው። አማርኛ አንባቢ ምዕራፍ 20 ላይ ሲደርስ ባሕታዊው እንግዳ አይሆንበትም፤ ሳሎን የተቀመጠው ሽማግሌ ነው፤ ቆብ አድርጎ መጥቷል እንጂ። መጽሐፍህ በልጅቷ ላይ ሽምግልና ተቀምጧል፤ ልጅቷም ጓዳ ናት።

ምናልባት የበላዔ ሰብእን ታሪክ ታነሣብኝ ይሆናል፤ ባሕታዊህን ስታስብ እርሱ በልብህ እንደነበር እገምታለሁ። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ድኻ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ይድናል፤ ያንን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ በየካቲት 16 ስሰማው ዛሬም እንባዬ ይመጣል። ነገር ግን በሚዛኑ ፊት የሚፈርደው እግዚአብሔር ነው፤ የተበሉት ነፍሳትም በእርሱ ዘንድ ናቸው፤ ምሕረቱ የእርሱ ስለሆነ ማንም አይሟገተውም። ደራሲ ይህ ወንበር የለውም። አንተ በምዕራፍ 20 የያዝኸው የማን ወንበር እንደሆነ ራስህን ጠይቅ።

ይልቅስ መጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 13ን ዛሬ ማታ ገልጠህ አንብብ። አምኖን ትዕማርን ሊያስነውራት ሲይዛት ትዕማር ትናገራለች፤ ትለምነዋለች፣ ትከራከረዋለች፣ እኔስ ነውሬን ወዴት እወስደዋለሁ ትለዋለች። ከተደፈረችና ከተባረረች በኋላ በራሷ ላይ አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀድዳ፣ እየጮኸች ትሄዳለች። ወንድሟ አቤሴሎም «ዝም በይ» ይላታል፤ አባቷ ንጉሡ ይቈጣል እንጂ ምንም አያደርግም፤ እርሷም በወንድሟ ቤት ብቸኛ ሆና ትቀመጣለች። ከዚያ ወዲያ የዳዊት ቤት ሰላም አላገኘም። ዝም በይ የተባለችው ሴት ድምፅ ግን ከነክርክሯ እስከ ዛሬ ተጽፎ ይነበባል፤ ስሟም አልጠፋም።

እንግዲህ ወደ ረቂቅህ። ጓደኞችህ «አውጣው» የሚሉህ ርእሱን ፈርተው ከሆነ አልስማማም፤ በቤታችን ያለ ነገር በልቦለዳችን የማይኖርበት ምክንያት የለም። ምዕራፉ አሁን ባለበት ሁኔታ ግን ለደመላሽ ጥልቀት እንዲሰጥ ተብሎ የገባ ነው፤ ጉድጓዱ የተቆፈረው በእርሷ ገላ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ማተሚያ ቤት ሳትሄድ ይህን ሥራ ሥራ፦ ከዚያ ሌሊት ቀጥሎ ያለውን ቀን በልጅቷ በኩል ጻፈው። ውኃ ልትቀዳ ትወርዳለች ወይስ አትወርድም? ለእናቷ ትነግራለች? ማን ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ? ከሁለት ወር በኋላ ገበያ ላይ ሰዎች የደመላሽን ስም በአድናቆት ሲያነሡ እርሷ ምን ትገዛ ነበር? ይህ ሁሉ መታተም የለበትም፤ ሳታውቀው ግን ምዕራፍ 5ን የመጻፍ መብት ያለህ አይመስለኝም። ድርጊቱን ራሱን በተመለከተ፣ መፈጸሙን ለማሳወቅ አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃሃል፤ ገላዋን በዝርዝር መግለጽ አንባቢውን በደፋሪው ዓይን እንዲያያት ያስገድደዋል።

ባሕታዊውን በተመለከተ ዝም አሰኘው። «ይህን የምትጠይቀኝ እኔን ነውን?» ብሎ ይመልሰው እንደሆነም አንተ ታውቃለህ። የደመላሽ ኃይል ከይቅርታ ጋር እንዲመለስ ማድረግህን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ልጅቷን ለእርሱ ኃይል መክፈቻ ቁልፍ ታደርጋታለህ። ከሁሉ በላይ አንተ ሳታስበው በእጅህ የያዝኸው ታላቅ ነገር አለ። ደመላሽ የሚያዘንበው ዝናብ በአገሩ ሁሉ ላይ የሚዘንብ ከሆነ በልጅቷ ማሳ ላይም ይዘንባል። ጤፏ የሚበቅለው በእርሱ ዝናብ ነው፤ ጎረቤቶቿ በሩ ላይ እልል ይላሉ። እርሷ ምን ታደርጋለች? እህሉን ታጭዳለች ወይስ ማሳውን ትታ ትሄዳለች? ልታመሰግነው ይጠብቁባታል? ዶናልድሰን በዚህ ልክ ያልጠየቀው ጥያቄ ነው፤ አንተ ልትጠይቀው ትችላለህ፤ የእኔ አንባቢነት ደግሞ ይህንን መጽሐፍ ፈልጎ አራት ኪሎ ድረስ በእግሩ ይመጣል።

ይህን ሁሉ አስበህ የልጅቷ ሕይወት የማይስብህ ሆኖ ካገኘኸው ምዕራፉን አውጣው፤ አታፍርበትም። ለደመላሽ ሌላ በደል ስጠው፤ ዝናብን የሚያዝ ሰው በቂም ተነሣስቶ አንድ ቀበሌ በጥም እንዲያልቅ ቢያደርግ ከኃይሉ የፈለቀ፣ የራሱ የሆነ የማይሰረይ በደል ይሆናል።

የቀረው የእኅትህ ነገር ነው፤ ከመጽሐፉም የሚበልጥብኝ እርሱ ነው። ክፍሉ አስፈላጊ መሆኑን እንዴት ላስረዳት ብለሃል፤ አታስረዳት። ለምን ዝም እንዳለች እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም፤ ከዝምታዋ ተነሥተህ ታሪክ አትፍጠርላት፤ «ደርሶብሽ ያውቃልን?» ብለህም አትጠይቃት። የበደልኸው ነገር አለና በእርሱ ጀምር፤ እንዲህ ያለ ምዕራፍ ሳታስጠነቅቃት በእጇ አስይዘሃታል። «ሳልነግርሽ መስጠቴ ጥፋት ነበር፤ እንድትጨርሺው አልጠብቅም» በላት፤ ከዚያ በኋላ ስለ ባለታሪክህ አንድም ቃል አትጨምር። ነገሩን ራሷ ካነሣችው ስማት፤ ዝርዝር አትጠይቃት፤ «ማን ነው?» ብለህ እንደ አቤሴሎም ለበቀል አትነሣ። እርዳታ የምትፈልግ ከሆነና ከፈቀደች ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለጥቃት ተጎጂዎች ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ምክርንና ሕግን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ማዕከል አለው፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። ይህን ማወቅህ ብቻ ይበቃል፤ ወረቀት ጽፈህ በሯ ላይ አትለጥፍ።

ረቂቁን ከጠረጴዛው ላይ አንሣው፤ ቀዩን እስክሪብቶ ግን ባለበት ተወው። የልጅቷን ስም ያወጣህላት ቀን ደግሞ ለእኔም ጻፍልኝ።